ወንበሩ ሊነሣ ይችላል

ከአምቦ የወጣሁት ከአምቦ ውሃ ጋር ተጭኜ ነው። ተሳፍሬ አልልም፤ የተሳፈረ ሰው ወንበር አለው። እኔ የነበረኝ በጠርሙስ ሣጥኖች መካከል የተተወ፣ አንዲት ከሲታ ፍየል የምትበቃው ክፍተት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እንደዛሬው አጥንት ብቻ አልነበርኩም፤ የመንግሥት ደመወዝ ያወጣው ሆድ ነበረኝ። ጀንበር ወደ ጉደር ስታዘቀዝቅ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ ሾፌሩ ኦቦ ገመቹ ሞተሩን አስነሣ። ኦቦ ገመቹ የሚስቴ የጫልቱ ያጎቷ ልጅ ነው። ባይሆን ኖሮ አይጭነኝም ነበር፤ ጠርሙስ ሲሰበርበት ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ እኔ ብሰበር ግን ማንም አይጠይቀውም፣ ስለዚህ ሲጭነን ለማን እንደተጠነቀቀ መገመት ትችላላችሁ።

ጫልቱ በሸራው ቀዳዳ አንድ ጣሳ ጩኮ አቀበለችኝ። ለማታውቁት፣ ጩኮ ማለት የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ የሚሠራ፣ ቢሰነብት የማይበላሽ ስንቅ ነው። አላለቀሰችም። እኔ ትንሽ ሳላለቅስ አልቀረሁም፤ ግን በጠርሙሱ ኳኳታ አልተሰማም።

«ድንበሩ ላይ ማን ነው የሚቀበልህ?» አለችኝ ሹክ ብላ።

«ሰው ይላካል ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው? ማንንስ ነው የሚልከው?»

መኪናው ተነሣ። መልስ ሳልሰጣት ጉደር ደረስኩ።

ጫልቱ እንዲህ ናት። ቤታችን ውስጥ አንድም ነገር በራሱ ጊዜ ተሰብሮ አያውቅም። እኔ ከጓዳ «ሳህኑ ተሰበረ» እላለሁ፤ እሷ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል በኦሮምኛ «ኤኙቱ?» ትላለች። ማን ሰበረው ማለቷ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፣ እሷ መኪናዋ ላይ ናት፣ ሳህኑ እኔ እግር ሥር ነው፤ እኔ ግን «ከእጅ አምልጦ» እላታለሁ። «ከማን እጅ?» ትለኛለች። ልጅ አልወለድንም፤ ስለዚህ የማሳብበው እንኳን አልነበረኝም።

ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነበር። የከተማችን ስም በወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ይባል ነበር፤ እንዲያ ብለን የምንጠራት ማኅተሙና እኔ ብቻ ነበርን። ታዲያ ባንድ የጉድ ሳምንት የማስተምረው ፓሲቭ ቮይስ ነበር፤ ያውም ካን፣ ሜይ፣ ማስት የሚባሉት ከፊት ሲገቡበት። ነገሩ ከባድ አይደለም። «ተማሪዎቹ ወንበሩን ሊያነሡ ይችላሉ» የሚለውን ትገለብጡታላችሁ፤ «ዘ ቼር ካን ቢ ሙቭድ» ይሆናል። ካን ከፊት፣ ቢ ከመሐል፣ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ከኋላ። ማን አነሣው? አይነገርም። መጽሐፉ፣ አድራጊው ካልታወቀ ወይም ካላስፈለገ ይተዋል ይላል። ልብ በሉ፣ ያስፈራ እንደሆነ አይልም፤ የጻፉት ሰዎች አምቦ አልኖሩም።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት እግሯ የተላቀቀ ወንበር ነበረች። ትምህርቱ እንዲገባቸው ብዬ ብድግ አድርጌ ያዝኳትና በአማርኛ «ወንበሩ ሊነሣ ይችላል!» አልኩ። ክፍሉ ሙሉ ጎረምሳ ተከተለኝ። ዘመኑ የመፈክር ነው፤ አንድን ዓረፍተ ነገር በኅብረት ያለ ሰው ግራ እጁን ሳያነሣ አይጨርስም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንሥተው ነበር። እኔም በኩራት ወንበሬን ከፍ አደረግሁ።

በመስኮቱ ሥር አንድ የአብዮት ጥበቃ ሲያልፍ ድምፃችንን ሰማ። የሰማው ግን «ወንበሩ»ን አይደለም፤ «መንበሩ ሊነሣ ይችላል» ብሎ ነው የሰማው። ቀበሌ ሲደርስ «ሊቀመንበሩ ሊነሣ ይችላል» ሆኗል። ከ«ወ» ወደ «መ» ያለችው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነች የገባኝ ያን ለት ከሰዓት በኋላ ተጠርቼ ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደጀኔ በማታ ትምህርት ተማሪዬ ነበር። ያኔ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ይለኝ ነበር፤ አብዮቱ «አንተ» አደረገኝ። ፓሲቭ ቮይስን ሁለት ጊዜ ወድቋል። እኔው ነኝ የጣልኩት፤ እንግዲህ ደስ ይበልህ በሉኝ።

«ጓድ መምህር፣ ምን ሊነሣ ይችላል አልክ?»

«ወንበር፣ ጓድ።»

«በማን ነው የሚነሣው?»

«እሱ አይነገርም። ፓሲቭ ነው።»

«የማይነገረው የማይታወቅ ስለሆነ ነው፣ ወይስ የሚደበቅ ስለሆነ?»

እውነት እላችኋለሁ፣ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ማለፊያ ነጥብ ልሰጠው ቃጣኝ። እኔ ግን ነገሩን ላቀልለት ብዬ፣ ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ፣ «ወንበር ነው እኮ ጓድ፤ በማንም ሊነሣ ይችላል» አልኩ።

«በ-ማ-ን-ም» ብሎ እየደገመ ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን ከደነና «ጉዳይህ ይታያል፤ ሊወሰንብህም ይችላል» አለኝ። ሰዋስዉ እንከን አልነበረበትም። ያን ሁሉ ዓመት ሳይገባው የቀረው ነገር ሥልጣን ላይ ሲወጣ ገብቶታል።

ያን ጊዜ ለነበራችሁ መንገር አያስፈልገኝም። ራዲዮው በየቀኑ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ይላል። ማን እንደወሰደ አይልም። ከእኛ መንደር የተወሰደ ጎረቤት ነበር፤ እናቱ «ተወሰደ» አሉ እንጂ «ወሰዱት» ለማለት ደፍረው አያውቁም። እኔ ፓሲቭን የእንግሊዝኛ ትምህርት አድርጌ አስተምር ነበር እንጂ፣ አገሩ በሙሉ የሚተነፍሰው በዚያ ነበር።

ቤት ገብቼ ለጫልቱ «ሊወሰንብኝ ይችላል ተባልኩ» አልኳት። የምትሰፋውን ቀሚስ ከመርፌው ሥር አወጣች።

«ማን ነው የሚወስነው?»

«አልተነገረኝም።»

«የሚወስነው ሰው ካልታወቀ እኔ ወስኛለሁ» አለች። «ትሄዳለህ። እናቴ ስትሻላት እከተልሃለሁ።»

እናቷ ጊንጪ ታመው ተኝተው ነበር፤ ጥላቸው ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ ውላችን ይኸው ነው፤ እኔ ቀድሜ እወጣለሁ፣ ወረቀት አገኛለሁ፣ በወረቀቱ እሷን እጠራለሁ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትና ያበላሸሁት ነገር ሁሉ ለዚች ውል ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ አልላችሁም፤ ሌሎች ከእኔ የባሰውን አይተው ዝም ብለዋል። ከነቀምት ወዲያ ጠርሙሱ ወረደና እኔ ቀረሁ፤ ከመንዲ ወዲያ ደግሞ መኪናውም ቀረና እግሬ ብቻ ሆነ። ይላካል የተባለው ሰው አልተላከም። ሱዳን ስገባ ሆዴ ጠፍቶ ነበር፤ ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጅቼለት ነው ሱሪዬ የቆመልኝ። ካርቱም ላይ ውሃ ጠጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬን በምላሴ ናፈቅሁ። ለብ ያለ፣ ጭጭ ያለ ውሃ ነው፤ አፍንጫ አይነካ፣ አያስገሳ። አምቦ ከምድር ሲወጣ እየፈላ የሚስቅ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ያን ሲጠጣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ካርቱም ስደተኛን ወደ ሌላ አገር የሚልክ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ቃል የሚቀበለው ቀይ ፂም ያለው ሆላንዳዊ ነው። አስተርጓሚ ይቅረብልህ ሲለኝ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ ተቆጣሁ። ተቀመጥ አለኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ወደ አገርህ ብትመለስ ምን ይደርስብሃል?»

ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነበር። ይህን ካለፍኩ ወረቀት አለ፣ ወረቀት ካለ ጫልቱ አለች። ቃሌን እንደ በግ ገዢ አገላብጬ መረጥኩ። «ሜይ ቢ አሬስትድ» ብል፣ ሊታሰርም ላይታሰርም ይችላል ብለው ይመልሱኛል። «ማይት» ከሜይ የባሰ ልምሾ ነው። «ካን ቢ አሬስትድ» ብል ደግሞ ሙያ ይመስላል፤ ሰውዬው መታሰር ይችልበታል እንደማለት። ከሁሉ የከበደውን አነሣሁ።

«አይ ማስት ቢ አሬስትድ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። መታሰሬ የማይቀር ነው ማለቴ ነው።

«ማስት?» አለ።

«ማስት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምንም አልጠራጠርም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ለቀልድ የተናገረ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ጻፈ፣ ጻፈና ቃሌን አነበበልኝ። አመልካቹ መታሰር እንደሚገባው ያምናል፣ ይላል። ሲጠየቅም ምንም ጥርጣሬ እንደሌለው አረጋግጧል፣ ይላል። በሕይወቴ ስንቱን ተማሪ በቀይ እስክርቢቶ ያሰመርኩበት ጥፋት፣ ይኸው የራሴ አንገት ላይ ተሰምሮ ቁጭ አለ።

«አይደለም፤ ግድ ነው ማለቴ ነው» አልኩ።

«እኮ፣ ግድ ከሆነ መታሰር አለብህ።»

«አለብኝ አይደለም፤ አይቀርልኝም!»

እሱ ሆላንዳዊ፣ እኔ የአምቦ ሰው፤ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ ላይ እንደ ድንበርተኛ ገበሬ ተያያዝን። እሱ «ማስት» ግዴታ ነው ይላል፤ እኔ እርግጠኝነትም ነው እላለሁ፤ እሱ ገና ላልሆነ ነገር አይሆንም ይላል፤ እኔ በየትኛው መጽሐፍ እላለሁ። በመጨረሻ ቋንቋው ባለቤት አለው አይደል፣ ከኮሪደሩ አንድ እንግሊዛዊ ተጠራ። አፉ ሙሉ ዳቦ ነው። ጉዳዩን ሰማ፣ ዋጠ፣ «ውድ ቢ» አለ። «ሂ ውድ ቢ አሬስትድ።» ከዚያ ወደ ዳቦው ተመለሰ።

ውድ ቢ! ቢመለስ ይታሰራል ማለት ነው። አያችሁ፣ ስሙ ራሱ ውድ ነው። ሆላንዳዊው ማስትን ሰርዞ ውድን ጻፈ፤ ወረቀቴ አለፈ። እኔ በአንድ የተሰረዘ ቃል የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በሰው ድርሰት ላይ ስርዝ ስታዩ አትሳቁ።

የተላክሁት ወደ ሊድስ ነው። ሊድስ የእንግሊዝ ከተማ ናት። የአየሩን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ የአምቦን ሐምሌ ውሰዱ፣ ነጎድጓዱን አውጡለት፣ በቆሎ እሸቱን አውጡለት፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ዘርጉት። የእኛ ዝናብ ይጮሃል፣ ይዘንባል፣ ያባራል፤ የነሱ ያጉረመርማል። ድንቹን ጠብሰው ኮምጣጤ ያፈሱበታል። ሰላምታቸው አጭር ነው፤ እኔ የከብቱንም የቤተሰቡንም ደኅንነት ጠይቄ ሳልጨርስ ሰውዬው መንገድ ተሻግሯል።

አከራዬ ሚስስ ሆልት የምትባል ባል የሞተባት ሴት ናት። ስሜ ለሜሳ ነው ብያት «ሚስተር ሌመን» ብላ አስቀረችው፤ ሎሚ አድርጋኝ አረፈች። ክፉ አይደለችም፤ ግን በአፏ አታዝም፣ በወረቀት ነው የምታዘው። መታጠቢያ ገንዳው ላይ «ገንዳው መወልወል አለበት» የሚል ለጥፋለች። ወጥ ቤት «የምግብ ሽታ መወገድ አለበት»። ስልኩ ዘንድ «ጥሪ መብዛት የለበትም»። ሁሉም ማስት ቢ፣ ማስት ኖት ቢ ነው። እኛ አምቦ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ ከተማው በሙሉ ሲዘፈዘፍ ኖሮ፣ ገንዳ ይወለወላል ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም። አንድ ቀን ነገር ፈልጌ ከወረቀቷ ሥር በእርሳስ «ባይ ሁም?» ብዬ ጻፍኩ፤ በማን? ማለቴ ነው። በማግሥቱ ከሥሩ በሚያምር ጽሕፈት «ባይ ዩ» የሚል አገኘሁ። ለካ ጫልቱ እንግሊዝም አገር አለች። ወለወልኩ።

እንግዲህ ጫልቱን መጥራት ቀረኝ። ማመልከቻ አስገባሁ፤ ጠበቅሁ፤ የስደተኞች መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆምኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት «ሚስትህ እንድትመጣ ሜይ ቢ አላውድ» አለችኝ፤ ሊፈቀድላት ይችላል ማለቷ ነው። እኔ የካርቱሙ ትምህርት ገብቶኛል፤ ሜይ ልምሾ እንደሆነች አውቃለሁ። ግን ናፍቆት ሰዋስው ያስረሳል፤ ሮጬ ደወልኩ። ያን ጊዜ ጫልቱ ስልክ ለመቀበል አምቦ ቴሌ ቀጠሮ ይዛ ትመጣለች፤ መስመሩ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ሳምባው ደህና አልነበረም፤ ከዓመት ዓመት እያሳሰበኝ ሄዷል።

«ሊፈቀድልሽ ነው!» አልኳት።

«ማን ነው የሚፈቅደው?»

«መንግሥት።»

«የቱ?»

«ሁለቱም» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሦስተኛው ሰው አሳለው።

የዚህኛው ሊፈቅድ ይችል ነበር፤ የዚያኛው ግን የከዳ ሰው ሚስት ብሎ ፓስፖርት ከለከላት። እናቷም አልተሻላቸውም፤ አልሞቱም። እሳቸው እንዲድኑ እጸልያለሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለምን እንደምጸልይ አላውቅም፤ ግማሽ መንገድ ላይ አሜን እላለሁ። ወደ መስኮቱ ስመላለስ ሴትዮዋ በመጨረሻ «ኢት ካንት ቢ ደን፣ ላቭ» አለችኝ፤ አይደረግም ማለቷ ነው። «ባይ ሁም?» ስላት «ባይ ኤኒዋን» አለች። በማንም። ጓድ ደጀኔ የጻፈው ቃል ሊድስ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ላቭ፣ ፍቅሬ እንደማለት፣ የሚሉት እዚህ ለመንገደኛው ሁሉ ነው፤ ይህን ለጫልቱ እንደ ቀልድ ባወራላት «ኤኙቱ?» አለችኝ፤ ያን ጥሪ ያስጨረሰኝ ላቭን ማስረዳት ነው።

እንዲህ እያልን አረጀን። ከአሥር ዓመት በላይ በሜይ ቢ ኖርን። እናቷም በመጨረሻ አረፉ፤ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ ተባለ። ሊድስ ያለን ጥቂት ሰዎች አንድ ቤት ተሰብስበን ራዲዮ ስናዳምጥ ከረምን፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይስቃል፣ እኔ ሁለቱንም እሞክራለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጫልቱ ራሷ ደወለች። እሷ ደውላ አታውቅም። ሚስስ ሆልት ኮሪደሩ ውስጥ ከስልኩ ሥር አንዲት የእንጨት ወንበር አስቀምጣለች፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። የሚተነፍሰው ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩ የሁለታችን ብቻ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

«ደጀኔ እኮ ተነሣ» አለችኝ።

እኔ ነኝ የጠየቅኋት፤ እኔ ራሴ። «በማን?»

ሳቀች። ያን ሳቅ ከጠርሙሶቹ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

«ማንም አላነሣውም። ጠዋት ራሱ ከወንበሩ ተነሣ፣ በሩን ዘጋ፣ ሄደ። ቁልፉን እንኳን ወስዶታል።»

ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ይህ አልታየኝም ነበር። «ተነሣ» ስንል ሌላ ሰው ያነሣው ይመስላል፣ «ተ» አለችበት፤ ደግሞ ሰው በገዛ ጉልበቱ ሲቆምም «ተነሣ» ነው። ያኔ በመስኮቱ ሥር ላለፈው ሰውዬ ይህን ብነግረው ኖሮ... ኖሮ ምን? ያው ይጠሩኝ ነበር።

«አሁን ልትመጪ ትችያለሽ» አልኳት። «ፓስፖርት ይሰጣል አሉ። እዚህም ጉዳዩ እንደገና ሊታይ...»

«እኔ የትም አልመጣም» አለች። «እኔን ምን አስወጣኝ? ቤቱ አለ፣ መኪናዬ ትሰፋለች። አንተን ያስወጣህ ደጀኔ ነው፣ ደጀኔ ሄዷል።»

«ጫልቱ፣ እንዲህ ቀላል አይደለም። የጉዞ ወረቀቴ ሊያዝ ይችላል። ጡረታዬ ሊቋረጥ ይችላል። ነገሩ ሳይረጋ ደግሞ ምን እንደሚደረግ...»

«ማን ነው የሚይዘው? ማን ነው የሚያቋርጠው?» ከጀርባዋ የአውቶብስ ረዳት «ጊንጪ! ጊንጪ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ። «ያ ለሜሳ፣ ኮቱ» አለችኝ። ና ማለቷ ነው። «አንተም ተነሣ።»

«መቼ?» ልበል፣ «እሺ» ልበል ሳልወስን መስመሩ ተቋረጠ። በማን እንደተቋረጠ አይታወቅም።

እጀታውን እንደያዝኩ ተቀምጫለሁ። ሚስስ ሆልት መጥረጊያ ማሽኗን እየጎተተች መጣች። ምንጣፉን ልትጠርግ ነው፤ እኔ ደግሞ መሐሉ ላይ ነኝ። እንደ ጨዋ ሴት ቆመችና ጠየቀችኝ።

«ሚስተር ሌመን፣ ካን ዘ ቼር ቢ ሙቭድ?»

«ዬስ» አልኳት፤ «ኢት ካን።»

እሷ ትጠብቃለች። እኔ ተቀምጫለሁ።